ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው

 

ዛሬ ስለ ባህር ልጽፍ ነው። ብትስቁብኝ ግድ የለም። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ፣ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ስለ ባህር ሞገድ የሚጽፍ የፊዚክስ መምህር ቢሳቅበት አይፈረድም። ባህር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ትልቁ ያየሁት ውሃ ላንጋኖ ነው፤ እሱንም ለጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ሆኜ ሄጄ ለግማሽ ቀን። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ አሜሪካ፣ እስራኤል፣ አረብ አገርና አውሮፓ ያላችሁ ልጆቼ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። አንድ ተማሪዬን ባህር ሊወስድብኝ ነበር።

ስሙን አልጠራም። ጽሑፉን አስቀድሜ ልኬለት አንብቦ "ይለጥፉት ቲቸር" ብሎኛል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ፈተና ላይ ግን የማይታማ ልጅ ነበር። ዲቪ ደርሶት ሎስ አንጀለስ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስበው ሀንቲንግተን ቢች ሄዱ። ለማታውቁት፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። "ሰርፍ ሲቲ" ይሉታል። በየዓመቱ በእነሱ በጋ ትልቅ የሰርፊንግ ውድድር ይካሄድበታል። ሰርፊንግ ያው በፊልም እንደምታዩት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ። ወደ ባህሩ ከ560 ሜትር በላይ ገብቶ የተሠራ ረጅም የእግር ድልድይ አለ፤ ፒየር ይሉታል። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው።

ልጁ ዋና ይችላል። በሬሳ ወንዝ ላይ ነው የተማረው፤ እናቱ ሳያውቁ። ቢች ሲደርሱ ባህሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር አለኝ። "ቲቸር፣ አስር ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁት፤ ምንም የለም።" ቆየት ብሎ ትንንሽ ሞገዶች መጡ። በአንድ በኩል ሞገዱ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ሕፃናት እየዘለሉ ይጯጯሃሉ። በድልድዩ አጠገብ ደግሞ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ መስመር አለ። "ከረብሻው ራቅ ልበል ብዬ ወደ ጸጥታው ገባሁ" አለኝ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እናንተ ብትሆኑ የት ትገቡ ነበር? እኔ ብሆን ሳላመነታ ወደ ጸጥታው ነበር የምሄደው።

ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ከወዲያ ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው መጡ፤ አራት ወይ አምስት። አለፉት። ቀና ሲል እግሩ መሬት አጣ። ዞሮ ወደ ጓደኞቹ መዋኘት ጀመረ፤ ጓደኞቹ ግን እያነሱ ሄዱ። "እየዋኘሁ ነው የምርቀው ቲቸር" አለኝ። ይቺ አነጋገሩ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ባለ በሌለ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር ታገለ። ክንዱ ዛለ፤ ውሃ ጠጣ።

እጅህን ለምን አላነሳህም አልኩት።

"አፈርኩ" አለኝ። ጓደኞቹ ዳር ቆመው በስልክ እየቀረጹት ነበር። እሱ ሲታገል እነሱ የሚያሳይ መስሏቸው ይስቃሉ።

የደረሰችለት አንዲት ጠና ያለች ሴት ናት፤ በሰርፍ ሰሌዳዋ ላይ ሆና አይታው። ሰሌዳዋን አስያዘችውና "አትታገል" አለችው። ከዚያ የገረመው ነገር፣ ወደ ዳር ቀጥ ብላ አልወሰደችውም። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ሞገዱ ወደሚሰበርበት ወደዚያ ወደፈራው አረፋ ወሰደችው። አረፋው ራሱ ገፍቶ አሸዋ ላይ አወጣው። ላይፍጋርዱም እየሮጠ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሷ ቀደመችው።

ማታውኑ ደወለልኝ። ለእናቱ አልነገረም፣ ለእኔ ግን ነገረኝ። ከሰላምታ በኋላ ያለኝ እንዲህ ነው፦ "ቲቸር፣ ሞገድ አስተምረውን አልነበር እንዴ? ሞገድ ኢነርጂ እንጂ ቁስ አያጓጉዝም ብለውን አልነበር? ታዲያ እኔን ምን ወሰደኝ?"

እየቀለደ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዎ፣ አስተምሬዋለሁ። 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚያው በአንድ ደብተር ኖት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እባብ የመሰለ መስመር እሥላለሁ፤ ጫፍና ጫፉን ለክቼ "ይሄ የሞገድ ርዝመት ነው" እላለሁ። ፍጥነት እኩል ይሆናል ድግግሞሽ ሲባዛ በሞገድ ርዝመት። ቀጥሎ ቡሹ ምሳሌ ይመጣል። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ቡሽ ሞገዱ ሲያልፍ ላይ ታች ይላል እንጂ ከሞገዱ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ሞገድ ኢነርጂ ያስተላልፋል እንጂ ቁስ አያጓጉዝም። ልጆቹ ይጽፋሉ። ፈተና ላይ ይመጣል። ያገኛሉ። በቃ፣ አለቀ።

የነገርኳቸው ውሸት አይደለም። ጥልቅ ባህር ላይ ነገሩ እንደዚያው ነው ለማለት ይቻላል። ዳር ላይ ሲደርስ ግን ሞገዱ ይሰበራል፣ ሲሰበር ውሃውን ራሱን ወደ ዳር ይወረውራል፣ የተወረወረው ውሃ ደግሞ በሆነ መንገድ መመለስ አለበት። የእኔ ትምህርት ያቆመው ልክ ሞገዱ ከመሰበሩ በፊት ነው። ልጁ ሊሞት የነበረው እኔ ካቆምኩበት ቦታ ጥቂት ሜትር አለፍ ብሎ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደሆንኩ ባለቤቴን ጠይቋት። ድልድዩን በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ። እኛ ጋ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን በእነሱ በጋ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ኔትወርክ ከፈቀደ ራት እየበላሁ የሀንቲንግተንን ባህር አያለሁ። "ዛሬስ እንዴት ነው ባህርህ?" ትለኛለች። ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ። ያነበብኩትን ግን ለክፍል እንደማስረዳው ላስረዳችሁ፤ ያን ልጅ የወሰደው ነገር በደንብ የሚታወቅ፣ አስቀድሞ የሚነበብ ነገር ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ፣ ያ ሞገድ ከየት መጣ? እዚያ ቀን ንፋስ አልነበረም። ሀንቲንግተን ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዞረ ዳርቻ ነው። እኛ ጋ ክረምት፣ እነሱ ጋ በጋ ሲሆን፣ ከምድር ወገብ በታች ያለው ደቡባዊው ውቅያኖስ ብርድና ዐውሎ ነፋስ ይፈራረቅበታል። በኒውዚላንድ በኩል የተነሳ ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ሲገርፈው ሞገዱ ተነስቶ ፓስፊክን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ይደርሳል። እንዲህ ከሩቅ የመጣውን ስዌል ይሉታል። ሒሳቡን ክፍል ውስጥ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ፔሬዱ 17 ሰከንድ የሆነ ስዌል ጉልበቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 10,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። ልጄ ያን እሁድ ፀሐይ እየሞቀ ያየው ሞገድ የተነሳው ገና ጾም ሳይፈታ፣ ሰው በማያየው ባህር ላይ ነው ማለት ነው።

ይሄን በልኬት ካሳዩት ሰዎች አንዱ ዋልተር ሙንክ የሚባል ሳይንቲስት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአለቃው ከሀራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ሆኖ የሞገድ ትንበያ ስሌት አዘጋጀ፤ ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1944 ወታደሮች ኖርማንዲ ላይ ሲያርፉ አገልግሏል። በ1963 ደግሞ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ መለኪያ ደርድሮ በደቡብ የተነሳ ሞገድ ፓስፊክን ሲያቋርጥ ተከታተለ። ለጦርነት የተጀመረው እውቀት ዛሬ በነጻ ስልካችሁ ላይ አለ። ባህር ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎች አሉ፤ የሞገዱን ቁመት፣ አቅጣጫና ፔሬድ ቀንና ሌሊት ይልካሉ።

ፔሬድ ስል የ40 ደቂቃውን አይደለም፤ አውቃለሁ ያን ስትሰሙ ደወሉ ነው ትዝ የሚላችሁ። በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ሰከንድ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ሞገዱ ስንት ሜትር ነው?" ብሎ ነው። ሰርፈሮች ግን ፔሬዱን ሳይሰሙ አይንቀሳቀሱም። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ባለ 6 ሰከንድ ሞገድ በአቅራቢያው ንፋስ የተፈጠረ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 56 ሜትር ገደማ ነው። ያው አንድ ሜትር ቁመት በ17 ሰከንድ ከሆነ ጥልቅ ባህር ላይ ርዝመቱ 450 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይዞት የሚመጣው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ ዳር ሲደርስም ይበልጥ ከፍ ይላል። ቁመታቸው እኩል ስለሆነ በቁጥር አንድ ናቸው ብሎ የገባ ሰው ተሸወደ።

ሌላም ጣጣ አለው። ከሩቅ የመጣ ሞገድ በቡድን በቡድን ነው የሚጓዘው። አንድ ቡድን ይመጣል፣ አራት አምስት ትልልቅ ሞገድ፤ ከዚያ አስር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ቡድን። ልጁ "አስር ደቂቃ ቆሜ አየሁ፤ ምንም የለም" ያለው እውነቱን ነው። ያየው መሐል ያለችውን እረፍት ነው። ልምድ ያላቸው ሰርፈሮች ሃያ ደቂቃም ግማሽ ሰዓትም ዳር ቁጭ ብለው የሚመለከቱት ለዚህ ነው። የእኛ ልጅ ከመግባቱ በፊት አስር ደቂቃ ማየቱ ራሱ ከብዙዎቻችን ይሻላል፤ ግን አልበቃም።

አሁን ወደ ዋናው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከራሱ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት ላይ ይሰበራል። ሀንቲንግተን ቢች ብሬክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሞገዱ የሚሰበረው ዓለት ላይ ሳይሆን አሸዋ ላይ ነው። ከውሃው በታች የአሸዋ ክምሮች አሉ፤ በክምሮቹ መካከል ደግሞ ቦዮች አሉ። አሸዋ እንደ ዓለት አንድ ቦታ አይቆይም፤ ከአንድ ትልቅ ሞገድ በኋላ ቦዩ ቦታውን ሊቀይር ይችላል። "አምና እዚህ ጋ ዋኝቻለሁ" ማለት እዚያ ምንም ዋጋ የለውም።

ሞገዱ ክምሩ ላይ ሲሰበር ነጭ አረፋ ይሆናል። ውሃውን ወደ ዳር ይገፋዋል። ሌላው ሞገድ ይጨምርበታል። ውሃው ዳር ላይ ይጠራቀማል። አሁን የጓሯችሁን አጥር አስቡት። በነሐሴ ዝናብ ጓሮው ሲጥለቀለቅ ውሃው የት ይወጣል? አጥሩ ዝቅ ያለበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ይግተለተላል። ባህሩም እንደዚያ ነው። የተጠራቀመው ውሃ ዝቅ ያለውን ቦይ ፈልጎ በእሱ በኩል ወደ ባህር ይመለሳል። ሪፕ ከረንት የሚሉት እሱን ነው፤ እኔ መላሽ ውሃ ልበለው። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ እዚያ ላይ አይሰበርም። ስላልተሰበረ አረፋ የለውም። ጥልቅ ስለሆነ ጠቆር ይላል። ከዳር ለሚያየው ጸጥ ያለ፣ ለዋና የተመቸ ይመስላል።

ገባችሁ? ከዳር ሲታይ ጸጥ ያለው መስመር መውጫ በሩ ነው። እንደ ድልድይ ያለ ወደ ባህር የገባ ግንብ አጠገብ ደግሞ መላሽ ውሃ በብዛት ይፈጠራል።

አያቶቻችን ባህር ሳያዩ "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ያሉት ወንዝ አይተው ነው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለሰው፣ ለገንዘብ፣ ለፖለቲካ እንተርትበታለን። ለውሃ ግን ረስተነዋል።

የመላሽ ውሃ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የሰው እርምጃ እንኳ አይሆንም። ሲበረታ ግን በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይሄ የዓለም ሻምፒዮን ዋናተኛ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚችለው ፍጥነት ነው። የአሜሪካ የባህር ነፍስ አድን ሠራተኞች ሞገድ ባለበት ዳርቻ ከሚያከናውኑት የማዳን ሥራ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት የሚመጣ ነው። ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ ወደ ታች አይጎትትም። ወደ ውስጥ ብቻ ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜም ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር አልፎ ይደክማል። ሰውን የሚገድለው ድካምና ድንጋጤ ነው፤ ከውሃው ጋር ፊት ለፊት መታገል ነው። ያቺ ሴት ወደ ጎን የወሰደችው ለዚህ ነው፤ ከቦዩ ወጥታ ወደ ክምሩ። ሰርፈሮችማ መላሽ ውሃውን እንደ ታክሲ ነው የሚጠቀሙበት። ክንዳቸው ሳይደክም ወደ ውስጥ የሚያስገባቸው እሱ ነው። እኛን የሚያሰምጠን መንገድ ለእነሱ ትራንስፖርት ነው። ልዩነቱ ማወቅ ብቻ ነው።

ንፋስና የባህሩ ከፍ ዝቅ ማለትም አለ። ጠዋት ጠዋት ንፋሱ ቀለል ይላል፤ ከቀትር በኋላ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ንፋስ ከባህር ወደ የብስ ይነፍስና ውሃውን ያንጨባርረዋል። ያን ጊዜ ቦዩን ከአረፋው መለየት ይከብዳል። ውሃው ደግሞ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሲጎድል መላሽ ውሃው ወደ ቦዩ ስለሚጠብብ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ያው አንድ ቦታ ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አሁን የኔን ሐሳብ ልናገር።

"የሰርፊንግ ሁኔታ" የሚባለው ነገር ለእኛ ቅንጦት ይመስለናል። ሞገዱ ስንት ጫማ ነው፣ ንፋሱ በየት በኩል ነው እያለ የሚጨነቅ ሰው ሥራ ፈት የሀብታም ልጅ አድርገን ነው የምናየው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን የምለው፣ ባህር ዳር የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ሰርፍ ባይነካም፣ ሰርፈር የሚያነበውን ነገር ማንበብ አለበት። እነሱ የሚያነቡት ለደስታ ነው፤ ለእኛ የነፍስ ጉዳይ ነው። ውሃን ማንበብና ሰውን ማዳን ድሮም የተለያዩ አልነበሩም። ሰርፊንግን በካሊፎርኒያ ካስተዋወቁት አንዱ ጆርጅ ፍሪዝ የሚባል የሃዋይ ልጅ ነው፤ ሥራው ነፍስ አድን ነበር። በ1908 በቬኒስ ቢች በማዕበል የተያዙ ዓሣ አጥማጆችን አድኖ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በ1925 ደግሞ ከሀንቲንግተን ብዙም በማይርቀው በኮሮና ዴል ማር ጀልባ ሲገለበጥ፣ የኦሊምፒክ ዋናተኛው ዱክ ካሃናሞኩ በሰርፍ ሰሌዳው እየተመላለሰ 8 ሰው አወጣ። ተማሪዬን ያወጣችው ሴትም የዚያ ወግ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ ባህር የለንም፤ ምን አገባን?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አገራችን ባህር ካጣች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ነው፤ ልጆቿ ግን ባህር ዳር ናቸው። ከኔ ክፍል የወጡት ብቻ በስንት አገር እንዳሉ ከዚህ ጽሑፍ በታች ኮሜንት ላይ ታዩታላችሁ። አሽዶድ አሉ፣ ዱባይ አሉ፣ ቤይሩት አሉ፣ ኬፕ ታውን አሉ። ያደግነው ደጋ ላይ ነው። ወንዝ ሲሞላ እናውቃለን፤ ድምፁን እንሰማለን፤ አንሻገርም። የባህርን ቋንቋ ግን ማንም አልነገረን። በዚያ ላይ በጀልባ የሚሻገሩት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ጉዳይ አለ፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ ከዚህ ጋር ልቀላቅለው ልቤ አይችልም።

"ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው" የምትሉ የሙያ ባልደረቦቼም ትኖራላችሁ። መጽሐፉን አልወቅስም። እኔን ነው የምወቅሰው። ዘንድሮ ያደረግኩት ቀላል ነው። ከቤት ጎድጓዳ ሳፋ ይዤ ሄድኩ። ወንዝ ዳር ያለ አሸዋ ልጆቹ አመጡ። አሸዋውን በአንድ በኩል ከመርን፤ መሐሉን በጣት ቦይ አወጣንለት። ውሃ ጨምረን በሰሌዳ ማጥፊያው እንጨት ገፋ ገፋ አደረግን። ከላይ የወረቀት ቁራጮች በተንን። ወረቀቶቹ ወደ ዳር ሄዱ፣ ተሰበሰቡ፣ ከዚያ በቦዩ በኩል ተመለሱ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ስለዚህ ሞገድ ቁስ አያጓጉዝም ያሉት ሳይሰበር ነው" አለች። 11 ዓመት ሙሉ ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ አንድ ሳፋ ውሃ አስጠየቀኝ። ብር አላወጣሁም። ላቦራቶሪ አልጠበቅኩም።

ሁለተኛው ነገር ግን ከፊዚክስ ይከብዳል። ልጁ ዋና እያወቀ ሊሰምጥ የነበረው ስላፈረ ነው። እጁን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረው። እኛ ቤት እርዳታ መጠየቅ ሽንፈት ነው፤ "ይሄን እንኳ አታውቅም?" ይባላል። ክፍል ውስጥ ያልገባው ተማሪ እጁን የማያነሳውም ለዚሁ ነው፤ እኔ ራሴ "ይሄማ የስምንተኛ ክፍል ነው" እያልኩ ስንቱን እጅ አስወርጃለሁ። ከክፍሌ ጀምሮ ያስተማርኩት ዝምታ ባህር ውስጥ ተከትሎት እንደገባ ሳስብ ያንገበግበኛል። "ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል" ይባላል፤ የእኛ ልጅ አረፋ እንኳ ለመጨበጥ አፈረ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ እንደ ድሮው ኖት ላስጽፋችሁ። ወረቀት አውጡ።

ከመግባታችሁ በፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተመልከቱ። በሁለት አረፋዎች መካከል ጠቆር ያለ ጸጥ ያለ መስመር ካያችሁ፣ እዚያ አትግቡ።

የቀኑን የሞገድ ትንበያ ስልካችሁ ላይ እዩ። ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ሰከንዱንም አንብቡ። ሰከንዱ ትልቅ ከሆነ፣ ጸጥታው ያታልላችኋል።

ላይፍጋርድ ባለበት ቦታ ብቻ ግቡ። ሄዳችሁ "ዛሬ የት ጋ ነው ደህናው?" ብላችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛዬ፣ ዕብራይስጤ፣ አረብኛዬ አትበሉ፤ በጣት ማመልከት ይበቃል። ባንዲራውን እወቁ። ሀንቲንግተን ላይ ቢጫ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ክብ ያለበት ሲሰቀል የሰርፍ ሰሌዳ ክልክል ነው ማለት ነው፤ ቀይ ሲሆን አደጋው ከፍተኛ ነው። ሌላ አገር ሌላ ነው፤ እስራኤል ውስጥ ጥቁር ባንዲራ መግባት ክልክል ነው ማለት ነው። ያላችሁበትን አገር ጠይቁ።

ከተወሰዳችሁ አትታገሉ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ተንፍሱ። አቅም ካላችሁ ወደ ጎን ዋኙ፣ ሞገዱ ወደሚሰበርበት፣ ከዚያ ወደ ዳር። አቅም ከሌላችሁ ተንሳፍፋችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ጩኹ። ከሺህ ሰው ፊት ማፈር ለእናት መርዶ ከመሆን ይሻላል።

ጓደኛችሁ ሲወሰድ ባዶ እጃችሁን ዘልላችሁ አትግቡ። በዚህ ነው አንድ ሰው ሲሰምጥ ሁለት ሦስት ሬሳ የሚወጣው። ላይፍጋርድ ጥሩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ በጣት እያመለከታችሁ ከዓይናችሁ አታጥፉት። ስልኩንም ለመደወል ተጠቀሙበት፤ ቪዲዮው ይቆይ።

ልጁ አሁን ደህና ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሄዷል፤ ልከለክለው አልፈለግኩም። ቅዳሜ ማታ ደውሎ "ቲቸር፣ ነገ እንዴት ነው?" ይለኛል። እሱ ውቅያኖሱ ስር ተቀምጦ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ አብረን እናነባለን። "ከደቡብ 3 ጫማ በ16 ሰከንድ ይላል ቲቸር።" "ታዲያ ምን ትላለህ?" "ጸጥታውን አላምነውም።" ጎበዝ። አሁን ገና አለፍክ።

ባለፈው እሁድ ካሜራውን ስከፍት ከድልድዩ አጠገብ ብዙ ሰው ነበር። ከዚህ ሆኖ ማንም ማንን አይለይም፤ ሰው ሁሉ ጉንዳን ያክላል። አንዱ ጉንዳን ግን ዳር ላይ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ ውሃውን ሲያይ ነበር። ሳይገባ። የእኔ ልጅ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደስ ብሎኝ ካሜራውን ዘጋሁት።

ባህር ዳር ያላችሁ ልጆቼ፣ ያላችሁበትን ዳርቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ባንዲራውስ ምን ዓይነት ነው? ለማያውቅ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። መምህራን ደግሞ ሳፋ ከቤት ይገኛል።

መልካም ሰንበት።